መንገድ ስለ መልቀቅ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ወርዶ ይሳለም ነበር፤ በመንገድም ላይ በማዕርግ የሚበልጠውን ሰው ሲያገኝ ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር። ይህ ልማድ የጨዋነት ምልክት ነው እየተባልን አድገናል። ነገር ግን ልብ ብለን ብንመረምረው፥ የሚወርደው ታናሹ ለታላቁ ነበር እንጂ፥ በበቅሎ ያለው ጌታ በእግሩ ለሚሄደው ድኻ ወረደ ሲባል እምብዛም አልተሰማም። ድኻው ራሱ ከመንገዱ ወጥቶ በጥሻው ዳር ቆሞ ጌታው እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር።

እኔ በቅሎ የለኝም፤ ያለኝ ብስክሌት ነው። ስለዚህም ይህ የቀድሞ ነገር የማይመለከተኝ ይመስለኝ ነበር።

ወጣት አንባቢዎቼ እንደምታውቁት፥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ በብዙ ጎዳናዎች ዳር ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ፥ ከአጠገቡም የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ከብስክሌት ጋር ተላምደው ሲኖሩ፥ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ዳገቱንና የመኪናውን ግፊያ ፈርተን ቀርተን ነበር። ስለዚህ ያ ጠባብ መንገድ ሲከፈት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የብስክሌት ሥዕል በነጭ ቀለም መሬት ላይ ተሥሎ ባየሁ ጊዜ፥ በስሜ የተጻፈ ርስት ያገኘሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሥራዬ ስገሠግስ፥ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ተከናንበው ዘንቢል አንጠልጥለው በዚያ በርስቴ መካከል ሲሄዱ አየሁ። ደወሌን ደወልሁ። አልሰሙም። ደግሜ አጥብቄ ደወልሁ፤ ፍጥነቴን ግን አልቀነስሁም፤ መንገዱ የኔ ነዋ! ወደ ቀኝ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፥ ደንግጠው ወደ ግራ፥ እኔ ልሾልክ ወዳሰብሁበት ወገን ገቡ። ፍሬኑን ጨብጬ ከእርሳቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆምሁ። ዘንቢሉ ወድቆ ሽንኩርቱ እየተንከባለለ ወደ መኪናው መንገድ ወረደ።

ሽንኩርቱን እየለቀምሁ፥ «እማማ፥ ይህ እኮ የብስክሌት መንገድ ነው፤ ሥዕሉን አላዩትም?» አልኋቸው።

«ሥዕሉንስ አይቸዋለሁ ልጄ፤ ያላየሁት አንተን ነው» አሉኝ።

ቀጥለውም በእጃቸው ወደ እግረኛው መንገድ አመለከቱኝ። ቧንቧ ሊቀበርበት ተቆፍሮ፥ አፈሩ ተከምሮ፥ የሚረገጥበት ስፍራ አልነበረውም። በየቀኑ በዚያ ሳልፍ ዐይኔ በነጩ መሥመር ላይ ብቻ ስለ ነበረ ያን ጉድጓድ ልብ ብዬው አላውቅም። ይህም ብቻ አይደለም፤ ዘንቢላቸውን ሳቀብላቸው «አስቸገርሁህ፥ ይቅር በለኝ» አሉኝ። ከሁሉ የከፋኝ ይህ ነው። ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ ይቅርታው ከእርሳቸው በመምጣቱ፥ ያ በጥሻው ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ድኻ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ቆየሁ። መንገዱ ለብስክሌት መሠራቱ እውነት ነው፤ አልክደውም። ነገር ግን መሥመሩ ማን በየት እንዲሄድ ይናገራል እንጂ፥ አንድ ሰው ለምን እዚያ እንደ ተገኘ አይናገርም። እኔ መብቴን ስላወቅሁ የሰውየዋንም ነገር ሁሉ ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

ደግሞ ሒሳቡን እንመልከተው። ብስክሌት በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሴኮንድ 5 ሜትር ይቈርጣል፤ እግረኛ በዚያው ሴኮንድ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም። ሰው ደወል ሰምቶ፥ ከየት እንደ መጣ ለይቶ፥ እግሩን እስኪያነሣ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ሴኮንድ ያልፋል። እንግዲያስ በ5 ሜትር ርቀት የሚደወል ደወል ማስደንገጫ ነው እንጂ ማስጠንቀቂያ አይባልም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ብስክሌቱ ይዞት የሚመጣው የግጭት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ብስክሌት ሞተር ስለ ሌለው ድምፁ አይሰማም፤ ከኋላ የሚመጣው ያያል፥ ከፊት የሚሄደው ግን ጀርባው ላይ ዐይን የለውም። ስለዚህ የጥንቃቄው ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው በሚያየው ሰው ላይ ነው፤ የመንገዱ ባለመብት ቢሆንም እንኳ። እኔ አሁን ከሩቅ አንድ ጊዜ ብቻ እደውላለሁ፤ እግሬንም ከመርገጥ አሳርፋለሁ። ስቀርብ «እማማ፥ በግራዎ ላልፍ ነው» ማለት ከደወል ሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቸዋለሁ። የሰው ድምፅ እንደ ብረት ድምፅ አያስበረግግም።

ትዕግሥቴን የሚፈትኑት ሯጮች ናቸው። ማለዳ ሦስት ሆነው ጎን ለጎን፥ በጆሯቸው ማዳመጫ ሰክተው ይመጣሉ። ደወል አይሰሙ፥ ጩኸት አይሰሙ። አንዱን በትሕትና ብነግረው «መንገዱን አባትህ ነው የሠራው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ልመልስለት የቃጣኝ ነገር በዚህ መጽሐፍ የሚጻፍ አይደለም። ኋላ መብራት ላይ አብረን ስንቆም ግን በርዶለት፥ «ጋሼ፥ የእግረኛው መንገድ በዚህ ሰዓት ሰው ይበዛበታል፤ ይህኛው ባዶ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ብሮጥ ማንን ጎዳሁ?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ባዶ ሳለ በእርግጥ ማንንም አልጎዳም፤ ባዶ መንገድ ታጥሮ ይቀመጥ ማለትም ንፉግነት ይመስለኛል። ነገር ግን ለሌላ በተሠራ ስፍራ የሚጠቀም ሰው ነቅቶ የመጠበቅን ዕዳ አብሮ ተቀብሏል። አንዱን ጆሮውን ክፍት ይተው፤ ከጓደኞቹ ጋር በተርታ ይሩጥ፤ ከመታጠፉ በፊት ወደ ኋላው ይመልከት። በሰው ቤት መደብ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ባለቤቱ ሲገባ ከፍ ብሎ ቦታ ይሰጣል፤ ባለቤቱም እንግዳውን ጎትቶ አያወርድም። (ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትካፈል የላከቻቸው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር። በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር የቆሙትን እኛ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ ማስማማት አቅቶናል።)

ራሴንም ልታዘብ። ጎማዬ በተነፈሰ ቀን በእግሬ ስሄድ፥ የእግረኛው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ፥ ልስላሴው ስቦኝ በብስክሌቱ መንገድ እሄድ ነበር። አንድ ልጅ ከኋላዬ ቀስ ብሎ «ጋሼ፥ ይቅርታ፥ ላልፍ ነው» አለኝ። እኔ ሰውን እንዲህ በል እያልሁ የምመክረውን ቃል በቃል ነበር ያለኝ። ቢሆንም ተቈጣሁ፤ «ምን ያጣድፈዋል!» አልሁ። ፍርዴ ከኮርቻው ጋር አብሮ ወርዶ ነበር።

ያ ጉድጓድ ሳይደፈን ሰነበተ። በሳምንቱ እዚያ ስደርስ፥ ተማሪዎች፥ ልጅ ያዘሉ ሴቶችና ተሸካሚዎች በብስክሌቱ መንገድ ተርታ ገብተው ያልፉ ነበር። ከኮርቻዬ ወረድሁና ብስክሌቴን እየገፋሁ ከኋላቸው ቀስ ብዬ ተከተልሁ። ጥቂት እንደ ተራመድሁ፥ ከወደ ኋላዬ ደወል ሰማሁ፤ አጥብቆ ይደወላል።