ካፖርቱን አየሁ፣ ሰውየውን አላየሁም



ዛሬ ጁሙዐ ነውና የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ነጭ ጀለቢያዬን ተኩሼ፣ ሽቶ ተቀብቼ በጊዜ መስጂድ ገባሁ። የመጀመሪያው ሶፍ ላይ ቀለሙ የለቀቀ፣ ክርኑ የተጣፈ የወታደር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። «አባባ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቢሉ፤ እዚህ ኡስታዞች ናቸው የሚቀመጡት» አልኳቸው። አልተቆጡም። ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና እያነከሱ ወደ ኋላ ሄዱ።

ከሶላት በኋላ ጎረቤታቸው ጠራኝ። ሰውየው የካራማራ ዘማች ናቸው። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ስትለቀቅ እዚያ ነበሩ፤ እግራቸውም የተጎዳው በዚያው ጦርነት ነው። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት በጥበቃ ሥራ ነው። ያን ቀንም የመጡት ካፖርቱን ለብሰው ሲጠብቁ አድረው፣ በቀጥታ ከሥራ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሄጄ እጃቸውን ስሜ «አፉ በሉኝ» አልኳቸው። «አፉ ብያለሁ ልጄ፤ ቦታው የአላህ ነው» አሉኝ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት «ሰው አትናቁ፣ ጀግና ሊሆን ይችላል» እያልኩ አስተምሬበታለሁ። አሁን ግን ትምህርቱን የያዝኩት ገልብጬ እንደነበር ይሰማኛል። ዘማች ባይሆኑስ ኖሮ? ዕድሜ ልካቸውን ዘበኛ ብቻ ቢሆኑ፣ ማስነሳቴ ትክክል ይሆን ነበር? ያፈርኩት ሰው ስላስነሳሁ ሳይሆን «ትልቅ ሰው» ስላስነሳሁ ነበር። መጀመሪያ በካፖርታቸው ለካኋቸው፣ ቀጥሎ በሜዳሊያቸው። ሜዳሊያም እኮ ልብስ ላይ የሚንጠለጠል ነገር ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በጁሙዐ ቀን አንዱ ሌላውን ከተቀመጠበት አስነስቶ ቦታውን እንዳይዝ ከልክለዋል። የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ ለይተው አልተናገሩም። መስጂዳቸውን ትጠርግ የነበረችው ሴት ስትሞት ሰዎች ነገሩን አቃለው ሳይነግሯቸው ቀሩ። እርሳቸው ግን ለምን አልነገራችሁኝም ብለው መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰገዱባት። ያቺ ሴት የያዘችው መጥረጊያ እንጂ ሰይፍ አልነበረም።

ለጁሙዐ ማማር ሱና ነው፤ ቁርኣንም በየመስጂዱ እንድናጌጥ ያዘናል። ግን ጌጡ ለጌታችን ክብር ነው፤ ሌላውን መለኪያ ሜትር አይደለም።

ታዲያ ዘማቹ ልዩ ነገር አይገባቸውም? ይገባቸዋል፤ እርሱም ምስጋና ነው። ክብሩ የሰውነታቸውና የሽበታቸው ነው፣ ምስጋናው የውለታቸው። ስለ ጦርነቱ የተለያየ አመለካከት ሊኖረን ይችላል፤ አካሉን ሰጥቶ የተረሳን አባት ማመስገን ግን ዕዳችን ነው። ሰውን የማያመሰግን አላህን እንዳላመሰገነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

በየሰፈራችን በር ላይ ካፖርት ለብሰው የሚያድሩ አባቶች አሉ። ዛሬ ሰላም እንበላቸው፣ ስማቸውን እንጠይቅ፣ መስጂድ ሲመጡ የሚደገፉበትን ግድግዳ እንልቀቅላቸው። ታሪካቸውን ቢነግሩን ቁጭ ብለን እንስማ። እስኪነግሩን ግን አንጠብቅ።

አላህ ሰውን ከልብሱ በፊት የሚያይ ዓይን ይስጠን፤ ለአባቶቻችን ጤናና መልካም ፍጻሜ ይወፍቃቸው። አሚን። በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛት አንርሳ። መልካም ጁሙዐ።