እጅ ላይ የሌለውን መሸጥ

እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ላይ፣ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በሂውስተን ከተማ፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በአንድ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተላቀቀ የሽንት ቤት መቀመጫ ይጠግን ነበር። ግድግዳውን ከፈት ሲያደርግ ፖስታዎች ይወድቁ ጀመር። እርሱ እንደተናገረው ወደ 500 ይጠጋሉ፤ በውስጣቸውም ጥሬ ገንዘብና ቼክ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ሌክዉድ ይባላል። በ2014 ማርች ወር ከዚሁ ቤት ካዝና 600,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብና በቼክ ተሰርቆ ነበርና፣ ፖሊስ የተገኙት ቼኮች ከዚያ ስርቆት ጋር የተያያዙ እንደሚመስሉ አስታወቀ። ለመሆኑ ያ 600,000 ዶላር የስንት ጊዜ መዋጮ ይመስላችኋል? የአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር።

ይህን ወሬ ያካፈልኩት ወዳጄ በሣቅ ፈረሰ። «እሰይ! ሃይማኖት ሲነገድበት መጨረሻው ሽንት ቤት ነው» አለኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሣቁ አልዋጥ አለኝ። ፖስታዎቹን ያሸጉት እነማን ናቸው? ፈጣሪያችንን እናስደስታለን ብለው ከደመወዛቸው ቀንሰው የሰጡ ሰዎች አይደሉምን? በእነርሱ መሳቅ ከየት የመጣ ዲን ነው?

ፍትሕ ይቅደምና ስለዚህ ቤት እውነቱን እንናገር። ሌክዉድ ከ2005 ጀምሮ የሚገኘው ቀድሞ የቅርጫት ኳስ መጫወቻ በነበረ፣ 16,000 ያህል ሰው በሚያስቀምጥ አዳራሽ ነው። ሰባኪው ጆኤል ኦስቲን ከቤተ ክርስቲያኑ ደመወዝ እንደማይወስድና ሀብቱ ከመጻሕፍቱ ሽያጭ የመጣ መሆኑን ይናገራል። ስለዚህ ጥያቄዬ የዚህ ወይም የዚያ አዳራሽ ስፋት አይደለም። መስጊድም ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጣሪያ ያፈሳል፣ የመብራት ሂሳብ ይመጣል፣ ኢማሙም ቤተሰብ አለው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሰጪው ፖስታውን ሲያሽግ ምን ተብሎ ነው? የለገሰ መስሎት ነው ወይስ የገዛ?

በአሜሪካ የቴሌቪዥን ስብከት ታሪክ ውስጥ ይህን ጥያቄ ያከበዱት ኦራል ሮበርትስ የተባሉት ሰባኪ ናቸው። «የእምነት ዘር» የሚባለውን ትምህርት አስፋፉ። ገንዘብ ዘር ነው፤ የዘራ በዚሁ ዓለም አባዝቶ ያጭዳል የሚል ነው። እኚሁ ሰው በ1987 መጀመሪያ ላይ እስከ ማርች መጨረሻ 8 ሚሊዮን ዶላር ካልተሰበሰበ እግዚአብሔር ሊወስዳቸው እንደሚችል ለተመልካቾቻቸው ነገሩ። ገንዘቡም ተገኘ። ከዚያ ውስጥ 1.3 ሚሊዮን ዶላሩን የሰጡት በውሻ እሽቅድምድም ቁማር የበለጸጉ አንድ የፍሎሪዳ ባለሀብት ነበሩ።

በዚያው ዓመት ጂም ቤከር የተባለው ሌላው ሰባኪ ወደቀ። ቤከር በደቡብ ካሮላይና ግዛት ለአማንያን መዝናኛ የሚሆን ሰፊ መንደር ሠርቶ ነበር። 1,000 ዶላር ለሰጠው ሁሉ በየዓመቱ ሦስት ሌሊት ሆቴል ውስጥ በነፃ እንደሚያድር፣ ይህም ዕድሜ ልኩን እንደሚቆይ ቃል ይገባ ነበር። ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። የተሸጠው አልጋ ግን ከተሠራው አልጋ እጅግ በለጠ። በ1989 በ24 የማጭበርበርና የማሴር ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 45 ዓመት ተፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ዳኛው ፍርዱን ሲሰጡ የራሳቸውን ሃይማኖታዊ ቁጣ ቀላቅለዋል በማለት ጥፋተኝነቱን አጽንቶ ቅጣቱን ሻረው። ቅጣቱ ወደ 8 ዓመት ወርዶ በ1994 ተፈታ። ከእስር ሲወጣ ተሳስቼ ነበር ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ ስለ ብልጽግና ያስተማረው ትክክል እንዳልነበረም አመነ። ይሁንና ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ምግብ በባልዲ መሸጥ ያዘ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሳ በፕሮግራሙ ላይ የብር ውህድ መድኃኒት ተብሎ ቀረበ። የሚዙሪ ግዛት ከሰሰው፤ በ2021 ጥፋቱን ሳያምን ለገዢዎች የሚመለስ 156,000 ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማማ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ቤከርን ወህኒ ያስገባው ምንድን ነው? የሌለ አልጋ መሸጡ ነው። አልጋ ይቆጠራል፤ ዳኛ መጥቶ «ስንት ክፍል ሠራህ? ለስንት ሰው ሸጥህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በረከትን ማን ይቆጥራል? «ዛሬ ስጥ፣ ነገ እጥፍ ታገኛለህ» ያለውን ሰባኪ በየትኛው ፍርድ ቤት እናቆመዋለን? ክሬፍሎ ዶላር የተባለው ሰባኪ በ2015 የ65 ሚሊዮን ዶላር አውሮፕላን ለመግዛት 200,000 ሰዎች እያንዳንዳቸው 300 ዶላርና ከዚያ በላይ እንዲሰጡ ጠየቀ። ጄሲ ዱፕላንቲስ ደግሞ በ2018 ለአራተኛ አውሮፕላኑ 54 ሚሊዮን ዶላር እንዲገኝ ተከታዮቹ በእምነት አብረውት እንዲቆሙ ጠየቀ። ሕግ አልጣሱም። የአሜሪካ ሕግ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ሌሎች በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ የገቢና ወጪ መግለጫ ለግብር መሥሪያ ቤቱ እንዲያቀርቡ አያስገድድም። ሴናተር ቻርልስ ግራስሊ በ2007 ስድስት የቴሌቪዥን ሰባክያንን ሂሳባችሁን አሳዩ ብለው ጽፈው ነበር። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ሲተባበሩ አራቱ የተጠየቁትን ሁሉ አልሰጡም። በ2011 ጉዳዩ ያለ ምንም ቅጣት ተዘጋ።

በሸሪዓችን ውስጥ አንድ የታወቀ የንግድ ሕግ አለ። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም የተባሉት ሶሐባ፣ ገዢ መጥቶ በእጃቸው የሌለ ዕቃ ሲጠይቃቸው አስቀድመው ሸጠው ኋላ ከገበያ ገዝተው ማስረከብ ይችሉ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ። ነቢዩም ከለከሏቸው። ለአንድ ቁና እህል ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ፣ በአላህ እጅ ብቻ ያለውን ሪዝቅ ዋጋ ቆርጦና ቀን ቀጥሮ የሚሸጥ ሰው ምን ሊባል ነው? ደግሞ ይህ ሻጩ ፈጽሞ የማይከስርበት ገበያ ነው። ሰጪው ካገኘ «አላልኩህም?» ይባላል። ካላገኘ «እምነትህ ጎደለ» ይባላል። ድሃው ገንዘቡን አጣ፤ በላዩም እምነቱን ተጠራጠረ። ከኪሱ የወጣው ምናልባት ይተካል፤ ከቀልቡ የወጣውን ግን ማን ይመልስለታል?

ይህን ጥያቄ የምናነሳው እኛ ብቻ አይደለንም። በወንጌል እንደተጻፈው ዒሳ (ዐ.ሰ.) በቤተ መቅደስ የገንዘብ ለዋጮችን ጠረጴዛ ገልብጠዋል። በ1517 ማርቲን ሉተር የተነሳው የኃጢአት ቅጣትን ያቀላል የተባለ ወረቀት በገንዘብ መሸጡን ተቃውሞ ነው። ዛሬም የብልጽግና ወንጌልን አጥብቀው የሚተቹት ራሳቸው ክርስቲያኖች ናቸው። በአገራችንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 261ኛው አንቀጽ በአላህ መንገድ የሚለግሰውን ሰው ሰባት ዘለላ ካበቀለች፣ በእያንዳንዱም ዘለላ መቶ ፍሬ ካለባት ቅንጣት ጋር ያመሳስለዋል። ዘር! ምሳሌው ተመሳሳይ አይደለምን? ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? ልዩነቱ ቃል የገባው ማን እንደሆነ ላይ ነው። ተስፋው የአላህ ነው፤ ሲሻ በዱንያ፣ ሲሻ በአኺራ ይከፍላል። በመሐል የሚቆም ደላላ የለም። አማኝ ተስፋ ያደርጋል፤ ደላላው ግን ተስፋውን ውል አድርጎ ያስፈርመዋል። ተስፋ ልብን ያሰፋል፤ ውል ግን አላህን ባለዕዳ ያስመስላል። አስተግፊሩላህ!

እኛስ ከዚህ ነፃ ነን? አንድ ጊዜ ለግንባታ መዋጮ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ድምፅ ማጉያ የያዘው ሰው «አሁን የሰጠ ዓመቱ ሳይሞላ አሥር እጥፉን ያያል፤ እኔ ዋስ ነኝ!» አለ። ጀመዓው ተክቢራ አሰማ። እኔም አሰማሁ። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው ከቴሌቪዥን ሰባኪው የሚለየው በካሜራው ማነስ ብቻ ነው። ማነው እርሱን በአላህ ላይ ዋስ ያደረገው?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ሲመለስ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩ ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ለምን አይቶ አልነበረም ሲሉ በሕዝብ ፊት ጠየቁ። ሰባኪው አውሮፕላን ሲጠይቅ፣ የኮሚቴው ሰው ሂሳብ ሳያሳይ ዓመት ሲያልፍ፣ ሩቅያ የሚያደርገው ሰው ለሕመምተኛ ዋጋ ሲቆርጥ፣ ሁሉንም በዚህ ጥያቄ መመዘን ይቻላል። ይህ ሰው የአላህን ስም ይዞ ባይመጣ ኖሮ ይህ ገንዘብ ይመጣለት ነበርን?

ወዳጄ ሲስቅ በልቡ የነበረው የሱረቱ አት-ተውባ 34ኛ አንቀጽ ሳይሆን አይቀርም። አዎን፣ አንቀጹ የሰዎችን ገንዘብ ያላግባብ ስለሚበሉ የሃይማኖት ሊቃውንትና መነኮሳት ይናገራል። ነገር ግን ብዙዎቹ አለ እንጂ ሁሉም አላለም። ደግሞም የሚጀምረው እናንተን ምእመናን በመጥራት ነው፤ የሚያበቃውም ወርቅና ብር አከማችተው በአላህ መንገድ የማያወጡትን በማስጠንቀቅ ነው። የተጠራነው እኛ ነን። ማስጠንቀቂያው ለሣቅ አልተላከልንም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጁሙዓ እጃችን ወደ ኪሳችን ሲገባ ለአላህ ብለን እንስጥ፤ ከሰው ዋስትና አንጠይቅ። ሰብሳቢውን ግን ሂሳብ እንጠይቅ። ሂሳብ መጠየቅ አለመታመን አይደለም፤ አማናን መጠበቅ ነው። ግድግዳችንን የሚከፍት የቧንቧ ሠራተኛ ባይመጣም፣ ምንም የማይሰወርበት አለ።

ወላሁ አዕለም።