ቤት የሚከብረው በምንድን ነው?

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ በልቡ ያሰበለት ሥራ አለ። ጎተራ ለእህል፥ ግንብ ለጠላት መከላከያ፥ መቅደስ ለጸሎት፥ አዳራሽ ለጉባኤ ይሠራል። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የታሰበው ሥራ ከግድግዳው አስቀድሞ ያልፋል፤ ድንጋዩና እንጨቱ ቆመው ሳሉ የተሠሩበት ምክንያት ይሞታል። በዚያን ጊዜ ለአሳብ የሚከብድ ጥያቄ ይነሣል። ሥራው የጠፋበት ቤት ክብሩም አብሮ ይጠፋልን? ወይስ ክብሩ በድንጋዩ ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል? ደግሞስ ያን ቤት ነጋዴ ቢይዘው የሚታዘንበት ነገር ነው ወይስ ደስ የሚሰኙበት?

ይህን ለመመርመር በደቡብ አሜሪካ፥ በአርጀንቲና ዋና ከተማ በቦነስ አይረስ ያለ አንድ የትያትር ቤት መልካም ምሳሌ ይሆናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ቤት ግራንድ ስፕሌንዲድ ተብሎ በ1919 ዓመት በሳንታ ፌ ጎዳና ላይ ተከፈተ። ያሠራው ማክስ ግሉክስማን ይባላል፤ በዚያን ጊዜ በአውስትሪያ ግዛት ከነበረችው ከቼርኖቪትዝ ተሰዶ የመጣ አይሁዳዊ ሲሆን፥ በዚያ አገር የተንቀሳቃሽ ሥዕልንና የሸክላ ዘፈንን ንግድ ካቋቋሙት ሰዎች አንዱ ነበር። ናዛሬኖ ኦርላንዲ የተባለ ኢጣልያዊ ሠዓሊ በጣሪያው ጉልላት ላይ የሰላምን ምሳሌ ሣለ፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ዓመት ቆሞ ነበርና ሰው ሁሉ ሰላምን ይናፍቅ ነበር። አዳራሹ አንድ ሺህ ያህል ሰው ያስቀምጥ ነበር። ስመ ጥሩው ዘፋኝ ካርሎስ ጋርዴል በዚያ ድምፁን አሰማ፤ የሬዲዮ ጣቢያም ከዚያው ሕንፃ ይናገር ነበር፤ በ1929 ዓመትም ድምፅ ያለው ፊልም በዚያ ታየ።

ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ቴሌቪዥን በየቤቱ እየገባ ሄደ፤ ኋላም ሰው ፊልሙን በካሴት ተከራይቶ በሳሎኑ ማየት ጀመረ። ስለዚህ በብዙ አገር ታላላቆቹ አዳራሾች ተመልካች አጡ። የቦታው ዋጋ ከቤቱ ገቢ በለጠ፤ ከፊሉ ፈረሰ፥ ከፊሉም የልብስና የምግብ መደብር ሆነ። ግራንድ ስፕሌንዲድም ተራው ደረሰው። ነገር ግን በ2000 ዓመት የመጻሕፍት ነጋዴዎች ተከራይተው የመጽሐፍ መደብር አደረጉት። ወንበሮቹን አንሥተው በስፍራቸው መደርደሪያ አቆሙ፤ ጉልላቱን ከነሥዕሉ፥ ሰገነቶቹን ከነጌጣቸው፥ ቀዩን መጋረጃ በመድረኩ ላይ እንደ ተሰቀለ ተዉት። መድረኩ ቡና የሚጠጣበት ሆነ፤ በሰገነቶቹ ውስጥ ማንም ሰው መጽሐፍ ይዞ ተቀምጦ ያነባል፤ ሳይገዛ ቢወጣም የሚከለክለው የለም። በ2019 ዓመት ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት ከዓለም የመጻሕፍት መደብሮች ሁሉ የሚያምር ይህ ነው ብሎ ጻፈ።

ስለዚህ ነገር ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ።

ፊተኞቹ እንዲህ ይላሉ። የትያትር ቤት የጨዋታ ቤት ነው፤ ጨዋታ ባለፈበት ስፍራ ንግድ ቢገባ ምን ይጎድላል? በአዲስ አበባ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መታየት በጀመረበት ዘመን ሕዝቡ አዳራሹን የሰይጣን ቤት ብሎ መጥራቱ የታወቀ ነው። የሰይጣን ቤት የተባለው ቤት ሱቅ ቢሆን ካህን የሚያለቅስበት ምክንያት የለም፤ ነጋዴ ጨርቅ በክንድ ለክቶ፥ ስኳር በሚዛን መዝኖ ቢሸጥ ኃጢአት አይደለምና።

ኋለኞቹ ደግሞ እንዲህ ይላሉ። በዚያ ቤት አባት ልጁን ይዞ ገብቷል፤ እጮኞች ተያይተዋል፤ ከተማው በአንድነት ስቋል፥ በአንድነትም አልቅሷል። ይህን ሁሉ አስታውሶ የሚመሰክር ቤት በገንዘብ ሲለወጥ የሰው ትዝታ ተሸጠ ማለት ነው።

ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን ጎደሎ ነው። የጎደለውን ለመሙላት ከቤተ ክርስቲያን ሥርዐት መነሣት ይገባል። ማኅደር የሚከብረው በኃዳሪው ነው። በጥምቀት ዋዜማ ታቦቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ፥ ትናንት በግምጃ ቤት ተጠቅልሎ የነበረው ድንኳን መቅደስ ይሆናል፤ በዚያም ይቀደሳል። ሸራው አልተለወጠም፤ ኃዳሪው ግን መጣ። ታቦቱ ወደ መንበሩ ሲመለስ ድንኳኑ እንደ ገና ሸራ ነው። እንዲህ ከሆነ ፊተኞቹ እውነት ተናገሩ፤ ሥራው የወጣበት ቤት ድንጋይ ብቻ ነው።

አንድም ቤት የሚከብረው በዝክሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ታቦቱ ወደ ሌላ ደብር ከሄደ በኋላ እንኳ ምእመናን በዚያ ስፍራ ሲያልፉ ይሳለማሉ፤ በዚያ መሬት እርሻ ማረስን ይፈራሉ። በዚያ ኃዳሪ የለም፤ በዚያ የተደረገው ግን አልተረሳም። እንዲህ ከሆነ ኋለኞቹም እውነት ተናገሩ። በእርግጥ የጨዋታ አዳራሽ ከመቅደስ ጋር በክብር አይተካከልም፤ ሚዛኑ ግን አንድ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ልብ የተሰበሰበበት ስፍራ እንደ ባዶ ሜዳ አይቈጠርም።

ስለዚህ ጥያቄው ቤቱ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም አይደለም፤ ለውጥ ለፍጥረት ሁሉ የማይቀር ነውና። በሮም ያለው ፓንቴዎን የጣዖት ቤት ሳለ በ609 ዓመት ቤተ ክርስቲያን ሆኗል። በኒውዮርክም በ1930 ዓመት ለተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠራ ታላቅ አዳራሽ በ1969 ዓመት ወደ ጸሎት ቤትነት ተዛውሯል። ጥያቄው ሌላ ነው፤ አዲሱ ሥራ ለቤቱ ራሱን ዝቅ አደረገን? ወይስ ቤቱ ለአዲሱ ሥራ ተዋረደ?

ይህን ለመለየት በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ያለውን ሚቺጋን ትያትርን ከቦነስ አይረሱ ቤት ጋር ማስተያየት ይበቃል። ሚቺጋን ትያትር በ1926 ዓመት ሲከፈት አራት ሺህ ያህል ወንበር ነበረው። ሄንሪ ፎርድ በ1896 ዓመት የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በሠራባት ትንሽ ጎጆ ስፍራ ላይ ቆመ ይባላል። ኋላ ሕዝቡ አዳራሹን በተወው ጊዜ ባለቤቶቹ ሊያፈርሱት አሰቡ፤ ነገር ግን ከጎኑ የተያያዘው ባለ ብዙ ፎቅ የጽሕፈት ቤት ሕንፃ እንዳይጎዳ ፈሩ። ስለዚህ በ1977 ዓመት ውስጡን አውጥተው ሦስት ደርብ የአውቶሞቢል ማቆሚያ ሠሩበት። ዛሬ መኪና የሚያቆም ሰው ወደ ላይ ቢመለከት የተቀረጸው ጣሪያ እየተቀረፈ ያየዋል። ይህም ቤት አልፈረሰም፤ ያም ቤት አልፈረሰም። ነገር ግን በዲትሮይት የቀረው የቀረው ማፍረሱ ስለሚያስከፍል ነው፤ በቦነስ አይረስ የቀረው የቀረው ስለ ተወደደ ነው።

በሰምና ወርቅ ቤት ያደገ ሰው ይህን በቶሎ ያስተውላል። አንጥረኛ ወርቁን ሲያፈስ ሰሙ ቀልጦ ይሄዳል፥ ወርቁ ይቀራል። በአሮጌ ቤት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ወርቁ አስቀድሞ ፈሰሰ፥ ሰሙ ቆሞ ቀረ። ጠቢብ ሰው ባዶውን ሰም አይቶ ሌላ ወርቅ ይፈልግለታል፤ ሰነፍ ግን ያገኘውን ሁሉ ይሞላበታል።

ከዚህ ላይ የነጋዴውን ውለታ መካድ አይገባም። የመጽሐፍ ነጋዴዎቹ ኪራይ ባይከፍሉ የኦርላንዲ ጉልላት ዛሬ ላይኖር ይችል ነበር። የሚያለቅሱት ሰዎች እንባቸውን ሰጡ፤ ጣሪያውን ያቆመው ግን ገንዘብ ነው። ጌታ ነጋድያንን ከመቅደስ ያስወጣው ንግድ በራሱ ርኩስ ስለ ሆነ አይደለም፤ ለሁሉ የተሰጠውን የጸሎት ስፍራ ለጥቂቶች ትርፍ ስላደረጉት ነው። ስለዚህ ሚዛኑ ይህ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ስፍራ አለውን? በቦነስ አይረስ ድኻው ተማሪ በሰገነቱ ተቀምጦ ያነባል። ሳንቲም የሌለው ሰው እንዲወጣ በሚገፋበት ቤት ግን ጣሪያው በወርቅ ቢለበጥም ክብሩ አልፏል።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአጥራቸው ዙሪያ ሱቅ ሠርተው ያከራያሉ። የሚነቅፉ አሉ፤ የሚያመሰግኑም አሉ። የሚነቅፈው ሰው፥ ካህኑ ደመወዝ፥ የቆሎ ተማሪውም ከአኩፋዳው በቀር ምግብ እንዳልነበረው ማስታወስ ይገባዋል፤ የሱቁ ኪራይ ያን ረኃብ ካስታገሠ ምጽዋት ነው። የሚያመሰግነውም ሰው፥ ሱቁ እየሰፋ ሄዶ የአጥቢያው ድኻ የሚያርፍበትን ዛፍና ደጀ ሰላሙን ያጠበበ እንደ ሆነ፥ የቅዳሴውንም ድምፅ የነጋዴው ጩኸት የሸፈነው እንደ ሆነ ማየት ይገባዋል። የትያትር ቤቱ ባለቤት ቢሳሳት የጠፋው ጨዋታ ነው። የመቅደስ ጠባቂ ቢሳሳት ግን የሚጠፋው ከዚህ ይበልጣል፤ ይልቁንም የሚያስፈራው ታቦቱ በመንበሩ ሳለ፥ ቅዳሴውም ሳይታጎል፥ ልቡ አስቀድሞ ወደ ሱቁ ሊወጣ መቻሉ ነው። የትያትር ቤቱን መለወጥ መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ ይህን ግን የሚያየው እግዚአብሔርና ራሱ ጠባቂው ብቻ ነው።

እንግዲህ የአሮጌ አዳራሽን ለውጥ ሰምቶ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው አስቀድሞ ከገዛ ደብሩ አጥር ውጭ ይቁም፤ የሱቆቹንም ደጅ፥ የቤተ ክርስቲያኑንም ደጅ ይመልከት። የትኛው ለየትኛው እንደሚያገለግል በእውነት ከለየ፥ ስለ ሩቁም ቤት መፍረድ አይቸግረውም።