ዘዘጌ፦ የቦታ ስም ለማን ይገባል?

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1066 ከሆነው የኖርማኖች ወረራ በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ያህል ዓመታት የቤተሰብ ስም፣ ማለትም ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ መጠሪያ፣ ቀስ በቀስ ሲጸና ከምንጮቹ አንዱ የቦታ ስም ነበር። ባላባቱ በያዘው ርስት ስም ሲጠራ ተራው ሰው ብዙ ጊዜ ትቶት በሄደው መንደር ስም ይጠራ ነበር፤ በመንደሩ ሳለ ጎረቤቱም የዚያው አገር ሰው ስለሆነ የመንደሩ ስም ከማንም አይለየውምና። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደርሃም አውራጃ የዋሽንግተንን ርስት የያዘ አንድ ባላባት የቦታውን ስም ወሰደ፤ ስሙም በዘሩ ወርዶና ውቅያኖስ ተሻግሮ እንግሊዝን ረግጦ ለማያውቀው ለመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ደረሰ። ሰው ከአንድ ቦታ ጋር ያለው ዝምድና በደም የሚወረስ ነውን? ወይስ እያንዳንዱ በኑሮው የሚያገኘው ነው?

በጣና ሐይቅ ዳርቻ፣ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌና ቆራጣ ባለው አገር፣ ይህ ጥያቄ የተመለሰው በሌላ መንገድ ነው። እዚህ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ መጠሪያውም በየትውልዱ ይታደሳል። አገሩ «ከወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ከስሙ ጋር አይጻፍም። ይህ የሆነው ሕዝቡ ለመሬት ግድ ስለሌለው አይደለም። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በእናትም በአባትም በኩል በመወለድ የሚገኝ የድርሻ መብት ሲሆን፣ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪሽረው ድረስ ባለርስት ነኝ የሚል ሰው ትውልዱን እስከ አቅኚው አባት ቆጥሮ መርታት ነበረበት። ይሁን እንጂ በዚህ ሥርዓት መሬቱ የአቅኚውን አባት ስም ይይዛል እንጂ ወራሹ የመሬቱን ስም አይይዝም።

በዚህ አገር ስሙ ከቦታ ስም ጋር ተጣምሮ ለዘመናት የሚኖረው፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ ርስቱን የያዘው ሳይሆን የተወው ሰው ነው። ዘዮሐንስ ዘክብራን፣ ሂሩተ አምላክ ዘዳጋ፣ ያሳይ ዘመንዳባ፣ በትረ ማርያም ዘዘጌ የተባሉት ሁሉ መነኮሳት ናቸው፤ በስማቸው መካከል የገባው «ዘ» ደግሞ የአማርኛው «የ» የግእዝ አቻ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሚመነኩስ ሰው ለሙት የሚጸለየው ፍትሐት ይጸለይለታል፤ ይህም ለዓለም፣ ለዘመድና ለርስት መሞቱን የሚያስረዳ ነው። እንግዲህ «ዘዘጌ» የሚለው መጠሪያ የሚሰጠው ከመሬት ድርሻ መጠየቅ ላቆመ፣ ስሙንም የሚያወርሰው የሥጋ ልጅ ለሌለው ሰው ነው።

የበትረ ማርያም ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። የዘጌ ትውፊት እንደሚለው እኚህ አባት የመጡት ከሸዋ፣ ከሙገር ነው፤ በእንግሊዞቹ ልማድ ቢሆን ኖሮ «ዘሙገር» በተባሉ ነበር። በትራቸውን ሦስት ላይ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ እንደ በቀለ፣ በባሕረ ገብ መሬቱም ማረስና ከብት ማርባት በቃላቸው እንደ ተከለከለ ይተረካል። ትውፊቱን እንደ ታሪክ ሰነድ መቁጠር ባይቻልም የክልከላው ውጤት በዓይን የሚታይ ነው፤ በዙሪያው ያለው አገር ተመንጥሮ ማሳ ሲሆን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም የከበበው የቡና ደን ዛሬም አለ። ሰውየው የዘጌ የሆኑት ዘጌን ዘጌ በማድረጋቸው ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽም በሐይቁ ላይ ይታያል፤ ቦታው ራሱ የቅዱስን ስም እንደ አባት ስም ያስከትላል። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ናርጋ ሥላሴ ይባላል፤ ባሕር ዳርም ቢሆን በቀድሞ ዘመን ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1642 ያረፈችው ወለተ ጴጥሮስ ከባላባት ወገን ተወልዳ፣ ባሏንና ሀብቷን ትታ መንኩሳ፣ የአፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት ተቃውማ በጣና ዙሪያ የመነኮሳት ማኅበር አቋቁማለች፤ ዛሬ ቆራጣ ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን የሚጠራው በእሷ ስም ነው። እሷ በቆራጣ ስም ከምትጠራ ይልቅ ቆራጣ በእሷ ስም ተጠርቷል።

በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፤ መኳንንቱም በግዛታቸው ይጠሩ ነበርና፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን «ዘጎጃም» የሚላቸው ብዙ ነው። ነገር ግን ይህ የሹመት ስም ነው፤ ሹመቱ ሲሻር አብሮ ይሻራል። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከወንጌል የሚመጣው ነው፤ ጌታ ራሱ ናዝራዊ ተብሏልና፤ ናዝሬትም ያደገባት እንጂ ያቀናት አልነበረችም። ሆኖም ናትናኤል ከናዝሬት ደግ ነገር ይወጣ እንደሆነ መጠራጠሩ እንደሚያሳየው፣ የቦታ ስም ብቻውን የሰውን ማንነት አይወስንም። ቤተ ክርስቲያንም በጸሎቷ ምእመኑን በክርስትና ስሙ ታነሳዋለች እንጂ በአባቱም በአገሩም አትጠራውም። ይህ ልማድ ከሁለቱም መልሶች የላቀ ይመስላል።

ወደ ቤተሰብ ስም ስንመለስ፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። በውጭ አገር የሚኖረው ኢትዮጵያዊ የፎርም ግዴታ ሆኖበት የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ለልጅ ልጆቹ ቢያወርስ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ገድሎቻችንን የሚያዘጋጁና በቤተ መጻሕፍት የሚመዘግቡ ሰዎች በትረ ማርያምን «ዘጌ» በሚል የቤተሰብ ስም ሥር ሊያስገቡ አይገባም፤ መግቢያው «በትረ ማርያም» መሆን አለበት።