ብሮንዝ፣ ናስ እና የሟቾች ስም

መዳብ ብቻውን ለስላሳ ነው፤ ጠባዩን የሚወስነው አብሮት የሚቀልጠው ነው። ቲን ከተባለው ነጭ ብረት ጋር ሲዋሐድ ብሮንዝ ይሆናል፤ ከዚንክ ጋር ሲዋሐድ ናስ። በአገራችን ገበያ ሁለቱም ነሐስ ሲባሉ እንሰማለን። በኦስሎ መሀል፣ በሴንትሩም የሚመላለስ ሰው ግን ቀና ሲል አንዱን፣ ጎንበስ ሲል ሌላውን ያገኛል።

ቀና ሲል የሚያየው ብሮንዝ ነው። በብሔራዊ ቴአትሩ ደጃፍ ደራስያኑ ኢብሰንና ቢዮርንሶን ከ1899 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆመዋል። በ1938 በዳግፊን ቬረንሺዮልድ የተሠሩት የካቴድራሉ በሮች የተራራውን ስብከት ይዘዋል። ሐውልት ሠሪዎች ብሮንዝን የመረጡት በምክንያት ነው። ከመቶ እጅ አሥር ያህል ቲን የገባበት መዳብ ከንጹሕ መዳብ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል፤ ቅርጹ ውስጥ ሲፈስ የልብሱን እጥፋትና የግንባሩን መስመር ሳይቀር ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝም ይጠነክራል። የቲኑ መጠን ወደ 20 በመቶ ሲጠጋ ብረቱ ተሰባሪ ይሆናል፣ ድምፁ ግን ይጠራል፤ ደወል የሚሠራው ከዚህ ነው። የኦስሎ ማዘጋጃ ቤት 49 ደወሎች አሉት። ከሁሉ የሚበልጠው ጠባዩ ግን ዝናብና አየር ሲያገኘው ራሱን መጠበቁ ነው፤ ላዩ ይጠቁራል፣ ውሎ አድሮም አረንጓዴ ይለብሳል፣ ያ ልባስም የውስጡን ብረት ይሸፍናል። ማንም ባይነካው እንኳ መቶ ዓመት ይቆማል።

ናስ ሌላ ነው። ሲሶ ያህል ዚንክ ሲገባበት ወርቅ ይመስላል፤ ለመዶሻና ለሞረድ ይታዘዛል፤ ቁልፉም፣ የውኃ ቧንቧ መክፈቻውም፣ መለከቱም ከእሱ ይሠራል። ለጥንት ሰው አስቸጋሪ ነበር፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይተናል፣ መዳብ ግን የሚቀልጠው በ1085 ነውና። ስለዚህ የመዳብ ቁርጥራጭን ከዚንክ አፈርና ከከሰል ጋር በተዘጋ ሸክላ ውስጥ ያግሉት ነበር። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ፣ ናስ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ይገባ እንደነበር፣ ለጌጥም፣ እየተቆራረጠም ለገንዘብ ይውል እንደነበር ይናገራል። ይህ ያማረ ብረት ግን ካልተወለወለ ቶሎ ይደበዝዛል። በሎሚና በአመድ የናስ ዕቃ ሲፈትጉ ያደጉ ሁሉ ያውቁታል።

በኦስሎ የእግረኛ መንገዶች ላይ ከ2010 ጀምሮ የተተከሉት ትናንሽ ሰሌዳዎች የተሠሩት ከናስ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ጥበብ ሰው ጉንተር ደምኒግ የናዚ ሰለባዎችን ለማስታወስ የጀመረው ሥራ ነው። አሥር ሴንቲሜትር በአሥር የሆነ የኮንክሪት ድንጋይ አናቱ በናስ ይለበጣል፤ ፊደሉ አንድ በአንድ በመዶሻ ይመታበታል። «እዚህ ይኖር ነበር» ብሎ ይጀምርና ስሙን፣ የተወለደበትን ዓመት፣ የተጋዘበትንና የተገደለበትን ይናገራል። ከኖርዌይ 773 አይሁዶች ተግዘዋል፤ ብዙዎቹ ኖቬምበር 26 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. ዶናው በተባለችው መርከብ ከዚሁ ከኦስሎ ወደብ ተጭነው ነበር። በሕይወት የተመለሱት አርባ አይሞሉም። ሥራውን በኖርዌይ የሚያስተባብረው የአይሁድ ሙዚየም እዚያው ሴንትሩም ውስጥ፣ በካልሜየርስ ጋታ፣ ቀድሞ ምኩራብ በነበረ ቤት ይገኛል።

የሟች ስም ከእግር በታች መዋሉ ለእኛ ሰው ይከብዳል። የሙኒክ ከተማም ስማቸው ዳግመኛ አይረገጥም የሚለውን ክርክር ተቀብላ በሕዝብ መንገድ ላይ እንዳይተከል ከልክላለች። ቅሬታው ይገባኛል። ቢሆንም የናሱን ምርጫ ትክክል ነው እላለሁ። ብሮንዝ ከተተከለ በኋላ ሰው አይፈልግም፤ ስለዚህ ከነክብሩ ሊረሳ ይችላል። ናሱ ግን እየደበዘዘ ሰው ይጠራል፤ አንዱ ተንበርክኮ ካልወለወለው ስሙ አይነበብም። ሲወለውል ደግሞ ማንበቡ አይቀርም።

ይህን የማነሣው ስለ አዲስ አበባ እያሰብሁ ነው። በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት ላይ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች በብሮንዝ የሠሩት ምስል የ1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋን ያሳያል። ድርጊቱን ለመንገር ብሮንዝ በቂ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ሰው ከነቤቱ ተቃጥሏል፤ ብሮንዙ እከሌ፣ የእከሌ ልጅ፣ እዚህ ይኖር ነበር አይልም። ይህን ሊል የሚችለው ትንሽ የናስ ሰሌዳ ነው፤ እኛ ዘንድ ሲሆን ከመሬት ይልቅ ከግድግዳ ላይ፣ በዓይን ትይዩ ቢሆን እመርጣለሁ። ሰፈሮቹ እየፈረሱ ስለሆነ ግድግዳው ራሱ ጊዜ አይሰጥም። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ስሙ ነው። ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ስምና ሰፈር ካለ፣ አንባብያን፣ ዛሬውኑ በወረቀት ላይ አስፍሩት።