ወለቃ፦ ቅድስናው ከማን ጋር ሄደ?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ከተማዋን ለቆ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ከመንገዱ ዳር በጭቃ የተመረጉ ትንንሽ ቤቶች ያገኛል። አንዳንዶቹ ግድግዳ ላይ የዳዊት ኮከብ ተስሏል። ከደጃፋቸው የሸክላ አንበሶች፣ ጀበናዎች፣ በአንድ አልጋ የተኙ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ተደርድረው ገዢ ይጠብቃሉ። መንደሯ ወለቃ ትባላለች። የኮከቡ ባለቤቶች፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ወደ እስራኤል ከሄዱ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ዛሬ ሸክላውን የሚያበጁት ሴቶች በአብዛኛው ክርስቲያኖች ናቸው።

ለጎብኚ መንደሯ አሁንም «ፈላሻ መንደር» ተብላ ትተዋወቃለች። የሄዱት ሰዎች ይህን ስም አይወዱትም ነበር። «ፈለሰ» ከሚለው ግስ የወጣ፣ አገር የለሽ እንደማለት የሆነ፣ ሌላው የለጠፈባቸው ስም ነው። እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይሉ ነበር። ሰዎቹ ሄደው የማይወዱት ስማቸው ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል። ከዚህ ጋርም አንድ የእምነት ጥያቄ አብሮ ይነሣል፦ ሕዝብ ከመንደሩ ሲነቀል የመንደሩ ቅድስና ከማን ጋር ይሆናል? ከሄደው ጋር ወይስ ከአፈሩ ጋር?

ቤተ እስራኤል በአፈሩ ላይ መብት ከተነፈገ ዘመናት አልፈው ነበር። ትውፊቱ ነገሩን በ15ኛው መቶ ዓመት ከነገሠው ከአፄ ይስሐቅ ይጀምረዋል፦ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን የሚል አዋጅ ወጣ ይባላል። ከዚያ በኋላ አፄ ሠርፀ ድንግልና አፄ ሱስንዮስ በሰሜን ተራሮች ላይ በዘመቱባቸው ጊዜ ነጻነታቸውም ተሰበረ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ግንበኝነት፣ አናጢነትና ብረት ቀጥቃጭነት የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ርስት ያጡት ሰዎች ደግሞ እጃቸው ነበራቸው። በከተማዋ ዙሪያ እንደ ወለቃ ያሉ የባለ እጅ መንደሮች የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህ መንደሮች ወንዝ አጠገብ መሆናቸው በአጋጣሚ አልነበረም። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካ ወደ ቤቱ ሳይገባ በውኃ መንጻት ነበረበት። ጎረቤቶቻቸው ይህን ሥርዓት «አትንኩኝ» ብለው ሰየሙት። በወር አበባዋ ጊዜ ሴት ከመኖሪያው ተለይታ ዙሪያውን ድንጋይ በተደረደረበት በመርገም ጎጆ ትቆይ ነበር። ዓርብ ሲመሽ እሳት ይጠፋ፣ ሰንበት ያለ እሳት ይውል ነበር። ውኃው፣ የድንጋዩ ክብና የጠፋው ምድጃ አንድ ላይ ሆነው የመንደሩን አጥር ይሠሩ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ ሌላ አጥር ነበረ፤ ይኸኛው ከፍርሃት የተሠራ ነው። ገበሬው ማረሻውንና ማጭዱን ከእጃቸው ይቀበል፣ የቤት እመቤቷ እንጀራዋን በምጣዳቸው ትጋግር፣ ውኃዋን በእንስራቸው ትቀዳ ነበር። ሲመሽ ግን ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ሆነው ይዞራሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ ይባል ነበር። ልጅ ቢታመም የሚጠረጠረው ያው ማረሻውን የቀጠቀጠው ሰው ነበር። ይህን እንደ ተረት አቅልሎ ማለፍ አይገባም። በዚህ ስም የተሰደዱና የተደበደቡ ሰዎች ነበሩ፤ ስድቡም እስከ ዛሬ ድረስ በሌሎች ባለ እጆች ላይ ይሰነዘራል።

የሸክላ ነገር ለብቻው ያስደንቃል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15 የረከሰ የእንጨት ዕቃ በውኃ እንዲታጠብ፣ የረከሰ የሸክላ ዕቃ ግን እንዲሰበር ያዝዛል። ሸክላ ያገኘውን ሁሉ ወደ ውስጡ ይስባል፤ አንዴ የገባበት አይወጣለትም። ይህን ሕግ ከማንም ይልቅ አጥብቆ የጠበቀ ሕዝብ ኑሮውን የመሠረተው በሸክላ ላይ ነው። ሴቲቱ በንጹሕ እጇ ያበጀችው ምጣድ ቅዳሜን ሳይጨምር በገበያ ቀን ወደ ክርስቲያን ጓዳ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ወደ እርሷ አይመለስም ነበር። ሁለቱ አጥሮች ሰውን ከሰው ለይተዋል፣ ምጣዱን ግን ሊያቆሙት አልቻሉም። ጎንደር በየቀኑ የሚበላው እንጀራ ትፈራቸው የነበሩትን ሰዎች የእጅ አሻራ ይዞ ይወጣ ነበር።

ቅድስና በቦታ ይኖራል ወይስ ይጓዛል ለሚለው ጥያቄ የጎንደር ክርስቲያንም የራሱ መልስ አለው። ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየመንበራቸው ተነሥተው ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሕዝቡ ተከትሎ ይሄዳል፤ በውኃው ዳር የተተከለው ድንኳን ለዚያች ሌሊት ቤተ መቅደስ ይሆናል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በብዙ ነገር ቢለያዩም ቅዱሱ ነገር እግር እንዳለው በማመን አንድ ነበሩ።

የወለቃም ቅዱስ ነገር ተነሥቶ ሄደ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤሎች ከሱዳን ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። እስከ ሱዳን ግን በእግር ነው የሄዱት፤ በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ የስደተኛ ሰፈሮች የሞቱት ወደ 4,000 ይገመታሉ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓዙ። በየመንደራቸው የቀሩት ቤቶች ባዶ ሆኑ፤ የወለቃዎቹን ጎረቤት ገባባቸው።

ከደረሱ በኋላ የገጠማቸው ነገር ልብ ይሰብራል። የእስራኤል ረቢዎች አይሁድነታቸው እንዲጸና በውኃ መጥለቅን ጠየቋቸው። ለዘመናት ራሳቸውን በወንዝ ውኃ ሲያነጹ ለኖሩ ሰዎች ይህ ከስድብ አያንስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በኢየሩሳሌም በረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለአንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በጎንደር ቡዳ የተባለ ሰው በኢየሩሳሌም ጎዶሎ ሲባል፣ ወዴት ዞሮ ይጸልያል?

ሲጸልዩ የኖሩት ወደዚያችው ከተማ ዞረው ነበር። ከአስተሰርዮ (ከስርየት ቀን) በኋላ በ50ኛው ቀን በሚውለው በስግድ ሕዝቡ ጾሞ በአምቦበር ካለው ተራራ ይወጣ፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው በግዕዝ ያነቡ፣ ሁሉም ወደ ኢየሩሳሌም ይሰግድ ነበር። አሁን ኢየሩሳሌም ውስጥ ናቸው፤ ስግድም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው። ሆኖም ቄሶቹ ዛሬም ጃንጥላ ዘርግተው አሮጌው ከተማ ቁልቁል ወደሚታይበት ከፍታ ይወጣሉ፣ ዛሬም ይሰግዳሉ። የሰገዱት ወደ ቦታው ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲደርሱ በዓሉ ባበቃ ነበር።

ሙታን ግን አውሮፕላን አልተሳፈሩም፤ መቃብራቸው ለቀረው ጎረቤት ቀረ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንዲት ሩቅ መንደር ታሳያለች። በ19ኛው መቶ ዓመት ቤተ እስራኤልን ሊሰብክ ወደ ደምቢያ የመጣው ማርቲን ፍላድ የተወለደው በደቡብ ጀርመን ደጋ በምትገኝ ኡንዲንገን በምትባል መንደር ነው። በዚያው ደጋ ላይ ቡተንሃውዘን የምትባል ሌላ ትንሽ መንደር አለች። አይሁዶች እ.ኤ.አ. ከ1787 ጀምሮ ከክርስቲያን ገበሬዎች ጋር ተጎራብተው ኖረውባታል፤ በአንድ ወቅት የነዋሪው ግማሽ ያህል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1938 ናዚዎች ምኩራቡን አቃጠሉ፣ በኋላም የቀሩትን ለሞት አጋዟቸው። መቃብሩ ዛሬም አለ፤ ሣሩን አጭደው፣ የተደፋውን ድንጋይ አቅንተው የጠበቁት ክርስቲያን የመንደሩ ሰዎች ናቸው። የወለቃ ሰዎች አልተገደሉም፤ በናፍቆትና በችግር ሄዱ። ሁለቱን ማመሳሰል ግፍ ይሆናል። የቀረው ጎረቤት ዕዳ ግን በሁለቱም መንደር አለ።

ወለቃ ውስጥ ይህ ዕዳ በሸክላ በኩል ይታያል። ትናንት የሚያስፈራው ሙያ ዛሬ የክርስቲያን ሴቶች እንጀራ ሆኗል፤ ኮከቡንም የሚቀርጹት እነርሱ ናቸው። ወጣቶች የወላጆቻቸውን ቤት ሊያዩ ከእስራኤል ሲመጡ፣ ጭቃ በያዘ እጅ አቅጣጫ ይጠቆማሉ። ያ እጅ ቤቱ የማን እንደነበረ ያውቃል። ሰዎቹ በዚህ ሲኖሩ ጎረቤቱ ምን ይላቸው እንደነበርም ያውቃል፤ ይህንኛውን ግን እስካሁን ለእንግዳ ጮክ ብሎ የሚናገር ብዙ ሰው የለም።