ከክንፉ ሥር ያለው ሰው

ሞዴል አውሮፕላን ሲሠራ አይቶ የማያውቅ ሰው ነገሩን የልጆች መጫወቻ አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም። ካርቶኑ ሲከፈት ግን የሚወጡት ብዙ የፕላስቲክ ቁርጥራጮች፣ የመገጣጠሚያ መመሪያና ከጥፍር የሚያንሱ ስቲከሮች ናቸው። ቁርጥራጩ በወረንጦ ይያዛል፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ ሙጫው በጠብታ ይነካል። አብራሪው ፊት ያሉት ጌጆች እስከ ቀስታቸው ድረስ ይሳላሉ። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ክዳኑ ይገጠምና ግማሹ ድካም ይሸፈናል። ሠሪው ግን እዚያ እንዳለ ያውቃል።

ሶፍትዌር ስለምጽፍ ይህ ደስታ ይገባኛል። ማንም የማይከፍተውን ኮድ አስተካክሎ መተው የሚሰጠው እርካታ አለ። ውስብስቡን ነገር በየቁርጥራጩ ስትገጣጥመው ምሥጢር መሆኑ ይቀርና እጅህ ላይ ይገባል።

ጥያቄው እዚህ ይጀምራል። ከእነዚህ ሞዴሎች ብዙዎቹ የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። ሰው የተገደለበትን መሣሪያ እስከ ሪቬቱ አሳምሮ መሥራት፣ ሠርቶም መደርደሪያ ላይ ማድነቅ፣ ምንም የሚያስጠይቅ ነገር የለውም ወይ?

ወልድያ ላይ ሆኖ ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም። ከመርሳ እስከ ወልድያ ባለው መንገድ ዳር ከማሽላ አገዳ አውሮፕላን የሚሠራ ልጅ አይጠፋም። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሰሜን ወሎ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰማ ሰው ሥራውን አቁሞ ቀና ይላል። «የማን ነው? ወዴት እየሄደ ነው?» ይባላል።

የሚገርመው፣ ሞዴል ሠሪዎች በጣም የሚወዱት 1/72 የሚባለው መጠን ከዚህ ቀና ብሎ ማየት ጋር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ተማሪዎች 500,000 የእንጨት አውሮፕላኖች በዚህ መጠን እንዲሠሩለት ጠየቀ። ዓላማው የወገንና የጠላት አውሮፕላን መለየትን ማሠልጠን ነበር። ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ ከ10 ሜትር ርቀት የምታየው ሞዴል፣ እውነተኛው አውሮፕላን ከ720 ሜትር የሚታየውን ያህል ይታያል። ያ ሞዴል የተሠራው ከታች ለሚያይ ሰው ነበር ማለት ነው።

አሁን ሳቮያ ማርኬቲ ኤስ.ኤም. 81ን እንውሰድ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ላይ ካሰማራቻቸው ቦምብ ጣዮች አንዱ ነው። የክንፉ ርዝመት 24 ሜትር ነው፤ በ1/72 ሲሠራ 33 ሳንቲሜትር ይሆናል። መደርደሪያ ላይ ይበቃል፣ ያምራልም። በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከመርሳ በስተደቡብ ያለችውን ደሴን ደበደቡ፤ ሆስፒታልም ተመታ። ሰኔ 23 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ቆመው ከአውሮፕላን ስለሚረጨው መርዝ ለመንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። ከካርቶኑ ውስጥ ግን ደሴ አትወጣም።

«ፕላስቲክ ማንንም አልገደለም» የሚል መልስ አለ። ልክ ነው። «እንዲያውም ታሪክ የምንማረው በዚህ ነው» የሚልም አለ። ይሄኛው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ጎበዝ ሞዴል ሠሪ ስለ አውሮፕላኑ ከብዙዎቻችን በላይ ያውቃል። የትኛው ጓድ በየትኛው ወር ምን ቀለም እንደቀባው ይነግርሃል። እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። የክንፉን ቀለም ለማወቅ ይህን ያህል የደከመ ሰው፣ ቦምቡ ያረፈበትን ከተማ ስም ሳያውቅ ሥራውን «ጨረስኩ» ማለት ይችላል። ሞዴሉ ለማሽኑ ፍጹም ታማኝ ሊሆን ይችላል። ለሆነው ነገር ግን ታማኝ ላይሆን ይችላል። ትኩረት ትልቅ ነገር ነው፤ ዳር ድንበሩን የሚያሰምረው ግን ካርቶኑ ከሆነ፣ ሌላ ሰው ባሰመረልን መስመር ውስጥ ብቻ ጠንቃቃ ሆነናል ማለት ነው። በእኔ ሙያም እንዲሁ ነው። ፕሮግራሙ ያለ ስህተት መሥራቱ አንድ ጉዳይ ነው፤ ማን ላይ እንደሚሠራ ሌላ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ይቅር? አልልም። ዓይንን መጨፈን ንጹሕ አያደርግም። የሚያስፈራን ነገር ገጣጥሞ ማወቅ ፍርሃቱን ያቀለዋል እንጂ አያብሰውም። አውሮፕላን መውደድም ከውጭ የተጫነብን ነገር አይደለም። ቦምቡ በወረደበት በዚያው በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት አውሮፕላን በረረች። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም ፀሐይ ተባለች፣ ወደ ጣሊያን ተወሰደች፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ለወደፊት የመርሳ ልጅ በሞዴል የሚሠራት የመጀመሪያዋ አውሮፕላን እሷ ብትሆን ደስ ይለኛል።

ኤስ.ኤም. 81ን የሚሠራውም ይሥራ። ግን በዚህ ሙያ መሬቱንም አብሮ መሥራት የታወቀ ነው፤ ብዙዎች ከአውሮፕላኑ ሥር ሣርና ኮረብታ ያደርጋሉ። እንግዲያው መጠኑን ጠብቀን እንሥራው። ሁለት ሜትር የደረሰ የሐብሩ ማሽላ በ1/72 ሦስት ሳንቲሜትር አይሞላም። ማሽላው መሐል የቆመች፣ ቁመቷ 1.70 የሆነ ሴት 2.4 ሳንቲሜትር ገደማ ትሆናለች። እሷን ለመሥራትም ወረንጦ ያስፈልጋል፣ ቀጭን ብሩሽ ያስፈልጋል፣ የነጠላዋን ጥለት መሳል ያስፈልጋል። ፊቷ ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት።